«ሠሪው ያልታወቀ» ስለሚለው ካርድ፦ የሸክላ ሥራ ለሚያሳዩ ሁሉ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የሸክላ ሥራ ለምታሳዩ ሙዚየሞች፣ የሥነ ጥበብ ማሳያ አዳራሾችና የዐውደ ርእይ አዘጋጆች

ጉዳዩ፦ በመግለጫ ካርድ ላይ የሸክላ ሠሪዋ ስም እንዲጻፍ ስለ መጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ኩሬተሮችና አዘጋጆች፤

ቀጨኔ ተወልጄ ያደግሁ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። ዛሬም የምውለው ከጭቃ ጋር ነው፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ እተኩሳለሁ፣ ወጣቶችን አስተምራለሁ፣ አልፎ አልፎም ሥራዬን በአዳራሾቻችሁ አሳይቻለሁ። ባሳየሁ ቁጥር ስሜ ከሥራዬ ጎን በደማቅ ፊደል ተጽፎልኛል፤ የተወለድሁበት ዓመት፣ የተማርሁበት ቤት፣ የተጠቀምሁበት የአፈር ዓይነት ሳይቀር ተጠይቄ መልሻለሁ። እናቴ ግን ከእኔ አርባ ዓመት ቀድማ የጀመረች፣ እኔ እስካሁን ያልደረስሁበትን የምታውቅ ሠሪ ሆና ሳለ፣ ሥራዋ በአንዱ አዳራሽ በቆመ ጊዜ ስሟን የጠየቀ አልነበረም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ለሥዕልና ለእኔ ቢጤው «ሴራሚክ» የምታደርጉትን ለጀበናና ለእንስራም አድርጉ፤ በካርዱ ላይ የሠራችውን ሰው ስም ጻፉ።

ከሁለት ዓመት በፊት በከተማችን በተከፈተ አንድ ዐውደ ርእይ ላይ እናቴን ይዤ ሄጄ ነበር። አዳራሹን በስም አልጠራውም፤ ልማዱ የሁላችሁም ሆኖ ሳለ አንዱን ነጥሎ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ይሆንብኛል። በግራ በኩል ሥዕሎች ተሰቅለዋል፤ በቀኝ በኩል ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጡ ልጆች የሠሯቸው፣ የተቀቡና የተንቆጠቆጡ የሸክላ ሥራዎች በነጭ መደብ ላይ ቆመዋል፤ መካከል ላይ ደግሞ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አምስት ጀበና፣ አንድ ማድጋና ሁለት ዕጣን ማጨሻ ተደርድረዋል። እናቴ ሥዕሎቹን በትዕግሥት አይታ ከጨረሰች በኋላ ሦስተኛው ጀበና ዘንድ ቆመች። ጎንበስ አለች፤ ነጠላዋን ሰብስባ እንደገና ጎንበስ አለችና «ከጆሮዋ ሥር እስቲ እይልኝ» አለችኝ። አየሁ። እጀታው ከሆዱ ጋር በተጣበቀበት ቦታ፣ በጭቃነቱ ዘመን የተጫሩ ሦስት አጫጭር የጥፍር ምልክቶች ነበሩ፤ መካከለኛው ከሁለቱ ትንሽ ይረዝማል።

«የእኔ ናት» አለች። «ምን ብለው ጽፈውላታል?»

አነበብሁላት፦ ጀበና፤ ሸክላ፤ አዲስ አበባ፤ ሠሪው ያልታወቀ።

ጥቂት ዝም ብላ «ሳይጠይቁኝ በምን ያውቁታል?» አለች፤ ቁጣ አልነበረባትም፤ በእርግጥ ግራ ስለ ገባት ነው። አጠገባችን የነበረውን አስጎብኚ ወጣት ጠርቼ ነገሩን ነገርሁት። ልጁ በጣም ትሑት ነበር፤ እጅ ነሥቶ፣ ወንበር ስቦ፣ «እማማ፣ ይቅርታ፤ የባህል ዕቃ ስለሆነ ስም አይጻፍበትም» አላት። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ የልጁ ትሕትና ነው ብል አታምኑኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ያን መልስ የሰጠው ተሳስቶ ወይም አጥፍቶ ሳይሆን በትክክል እንደ ተማረው ነው። ሥዕል ሲሆን ሰው ይሠራዋል፤ የባህል ዕቃ ሲሆን ባህል ይሠራዋል። ባህል ደግሞ እጅ የለውም፣ ካርድ ላይ የሚጻፍ ስም የለውም፣ ክፍያም አይጠይቅም።

ሦስቱ የጥፍር ምልክቶች ምን እንደሆኑ ላስረዳ። በእኛ ሠፈር እሳት ውድ ስለሆነ አምስት ስድስት ሴቶች ተሰባስበው ዕቃቸውን በአንድ እሳት ይተኩሳሉ። ሁሉም ጀበና ነው፤ ሁሉም በመጠን ይቀራረባል፤ ከእሳት ሲወጣ የማን የማን እንደሆነ ካልታወቀ ግን ጠብ ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ በጭቃው ላይ የራሷን ምልክት ታኖራለች፤ አንዷ በገለባ ትወጋለች፣ ሌላዋ በአውራ ጣቷ ትጫናለች፣ እናቴ በጥፍሯ ትጭራለች። አሮጊቶቹ የእነዚህን ምልክቶች ባለቤት እስከ ሙታኑ ድረስ ይለያሉ፤ «ይህ የእነ እገሌ እናት ነው፤ እጇ ይከብድ ነበር» ይላሉ። እንግዲህ በሣጥናችሁ ውስጥ ያለው ዕቃ ፊርማ የሌለው አይደለም። ተፈርሞበታል፤ ፊርማው የሚነበበው ግን እናንተ በማታዩት ቦታ፣ ከእጀታው ሥርና ከመቀመጫው በታች ነው።

«ባህላዊ» የምትባለው ሠሪ ምን እንደምታውቅ ለማያውቅ አንባቢም ትንሽ ልናገር፤ በዚህ ላይ ዝርዝር ባበዛ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ የምወደው ነገር ስለሆነ ነው። እናቴ የሸክላ ሠሪ መንኮራኩር አታውቅም። ጭቃውን በጡጫዋ ከፍታ፣ ዙሪያውን በቀኝ እጇ እየሳበች፣ በግራ እጇ ከውስጥ እየደገፈች ታቆመዋለች፤ ከዚያ በላይ የሚመጣውን በጥቅል ጥቅሉ እየቀጠለች ወደ አንገቱ ትሄዳለች። ውስጡን በቅል ስባሪ ትፍቃለች፤ ውጭውን ሲጠነክር በወንዝ ጠጠር ታሸዋለች። ጠጠሯ ከእናቷ የወረሰቻት ናት፤ አንድ ጎኗ ከመታሸት ብዛት የተነሣ እንደ መስታወት ያበራል። አፈሩ ብቻውን አይበቃም፤ የተሰበረ ገል ተወቅጦና ተነፍቶ ይገባበታል። ይህ ገል የተጨመረበት ጭቃ እሳት ሲነካው የሚፈጠረው ትንሽ ስንጥቅ ወደ ጎን እንዳይሮጥ ያግደዋል፤ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹም ሙቀት ሲያሰፋውና ሲያኮማትረው ቦታ ይሰጡታል። ጀበና በየቀኑ ከቀዝቃዛ ውኃ ወደ ፍም እየተሸጋገረ ዓመታት የሚኖረው፣ የእንጀራ ምጣድም እሳቱን ችሎ የሚጋግረው በዚህ ምክንያት ነው። የእኔ ምድጃ ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ የእናቴ የሜዳ እሳት ከ900 ብዙም አያልፍም። ሆኖም ስሜ በደማቅ የተጻፈበትን የእኔን ዕቃ ወስዳችሁ ከሰል ላይ ብትጥዱት ለሁለት ይከፈላል፤ የእሷን ብትጥዱት ቡና ያፈላላችኋል።

ጥቁረቱስ? ብዙ ጎብኚ ጥቁሩ ቀለም ይመስለዋል። እናቴ የሜዳውን እሳት ኩበት፣ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ደርባ ታነድዳለች፤ ዕቃው ቀልቶ ፍም ሲመስል በረጅም እንጨት እያወጣች በቅጠል ትቀብረዋለች። ቅጠሉ አየር አጥቶ ሲጨስ ጥላሸቱ ገና ክፍት በሆነው የሸክላ ገላ ውስጥ ይገባና ይቀራል። ይህን የምታደርገው ሰዓት ሳትመለከት፣ በቀለሙ ብቻ እያየች ነው፤ ጥቂት ቢዘገይ ዕቃው ይቀዘቅዝና ግራጫ ይሆናል፤ ቢፈጥን ደግሞ ይሰነጠቃል። የሠራችው ሴት እኔ ነኝ የማለት መብት ከሌላት፣ በዓለም ላይ ማን እንደሚኖረው አላውቅም።

ስሟ የጠፋው ግን ዛሬ በእናንተ ካርድ አይደለም፤ የቆየ ነገር ነው፤ እሱንም በእውነት መናገር አለብን። በሀገራችን ሸክላ የምትሠራ ሴት ስም አጥታ አታውቅም፤ የተሰጣት ስም ግን በአደባባይ የሚጠራ አልነበረም። ባለ እጅ፣ ጠይብ፣ ሲብስም ቡዳ ተባለች። በልጅነቴ ትምህርት ቤት የእናቴን ሥራ ስጠየቅ «ነጋዴ ናት» እል ነበር፤ ጀበና ትሸጥ ስለነበር ፍጹም ውሸትም አልነበረም። በደቡብ ኦሞ የአሪ ሸክላ ሠሪዎች ማና ተብለው፣ በሲዳማም ሸክላ ሠሪዎቹ ሀዲቾ ተብለው፣ ከሌላው ጋር እንዳይጋቡና ማዕድ እንዳይቀርቡ ተደርገው ኖረዋል። በእጃቸው የተሠራ ድስት ወጥ ይሠራበታል፤ እጃቸው ግን ከወጡ ጋር አንድ ላይ አይቀርብም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውን ጠይብ እያሉ፣ ሌላውንም ባለ እጅ በየሥራው እየለዩ መስደብ እንዲቀር አዝዘዋል፤ በዚህ ዓይነት ማረሻ እንኳ የሚሠራ ሰው ሀገሪቱ ልታጣ ነው ብለው ነበር ያስጠነቀቁት። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። ስድቡ በብዙ ቦታ ወደ ሹክሹክታ ዝቅ ብሏል፤ የዕቃው ስም አልባነት ግን በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ በጥሩ መብራት፣ ቀጥሏል። ካርድ ጻፊው ይህን አስቦ እንደማይጽፈው አውቃለሁ። ሆኖም የተሰደበች ሴት ስሟን ሸሽጋ ስትኖር፣ ሙዚየሙም ሳይጠይቃት ሲቀር፣ ሁለቱ ዝምታዎች ተጋጥመው አንድ ካርድ ይሆናሉ።

የሚቀርብልኝን መልስ አስቀድሜ ሰምቼዋለሁ። የተማሩ ወዳጆቼ «የሸክላ ዕቃ ውበቱ ስም አልባ መሆኑ ነው፤ ማንም ሳይፈርምበት፣ ማንም ሳይኮራበት፣ ለጥቅም ብሎ የተሠራ መሆኑ ነው» ይሉኛል። ይህ አስተሳሰብ ትልቅ ጠበቃ የነበረው ጃፓናዊው ያናጊ ሶኤትሱ ነው፤ እሱ እ.ኤ.አ. በ1936 በቶኪዮ የሕዝብ እደ ጥበብ ሙዚየም አቋቁሟል፤ የማይታወቁ ሠሪዎችን ዕቃ ከታላላቅ ሥራዎች እኩል በማክበሩም ብዙ ተምሬበታለሁ። ነገር ግን የቅርብ ጓደኛው የነበረውን ሐማዳ ሾጂን ተመልከቱ። ሐማዳ በሸክላዎቹ ላይ አልፈርምም አለ። ለምን አልፈረምህም ሲባል የሚመልስበት አደባባይ ነበረው፤ ዕቃው የሚቀመጥበትን የእንጨት ሣጥን ግን ይፈርምበት ነበር፤ የጃፓን መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1955 ሕያው ብሔራዊ ቅርስ ብሎ ሰየመው። ስምን መተው ስም ላለው ሰው ያምርበታል። እናቴ ግን ተጠይቃ እምቢ አላለችም።

በሌላው ዓለም ይህ ጉዳይ እንዴት እንደ ተያዘ መመልከት ይጠቅማል፤ የምጠቅሳቸው ሁሉ ከእናቴ እሳት ጋር የሚዛመዱ ሰዎች ናቸው። በናይጄሪያ ላዲ ክዋሊ የምትባል ሴት ነበረች። ሸክላን ከአክስቷ ተማረች፤ እንደ እናቴ መንኮራኩር ሳትጠቀም በእጇ ታቆማለች፤ በገላው ላይ እንሽላሊትና አዞ ትጭርበታለች። እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ማይክል ካርዲው ሥራዋን ያየው በአቡጃ ኤሚር ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1954 እሱ ወደሚመራው የአቡጃ ሸክላ ማሠልጠኛ ገባች፤ በሥፍራው የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ነበረች። ካርዲው ዕቃዋን ወደ ለንደን ሲልክ «የናይጄሪያ እንስራ፤ ሠሪው ያልታወቀ» ብሎ ሊልከው ይችል ነበር። አላደረገውም፤ በስሟ አሳያት። ዛሬ በሃያ ናይራው ኖት ጀርባ ላይ ከዕቃዋ ጋር ያለችው እሷ ናት። የኬንያዋ ተወላጅ ማግዳሊን ኦዱንዶ በተማሪነቷ ወደዚያው ማሠልጠኛ ሄዳ በዚያ ከነበሩት ሴቶች ጋር ሠርታለች፤ በእጅ የምታቆማቸው፣ በጠጠር ታሽተው በጭስ የሚጠቁሩት ማሰሮዎቿ ዛሬ የታላላቅ ሙዚየሞች ኩራት ናቸው። ጥቁረታቸው የሚመጣው ከቀጨኔው በተለየ ጥበብ አይደለም፤ አየር በማሳጣት ነው። ልዩነቱ ከላዲ እስከ ማግዳሊን ድረስ ማን ከማን እንደ ተማረ መጻፉ ነው። ስም ሲጻፍ ትምህርቱም ሐረግ ይኖረዋል፤ የእኛ ሐረግ ግን በየካርዱ ላይ ይበጠሳል።

የሰሜን አሜሪካዋ ማሪያ ማርቲኔዝ ነገር ደግሞ ትንሽ ጠማማ ነው፤ ለዚህም ነው የምወደው። በኒው ሜክሲኮ የሳን ኢልደፎንሶ ነባር ሕዝብ ተወላጅ ስትሆን፣ ከባሏ ከጁሊያን ጋር ጥቁር በጥቁር የሆነውን ሸክላቸውን ያሳወቁት በፈረስ ፋንድያ እሳቱን በማፈን ነበር፤ እናቴ ብታየው «ቅጠል አጥተው ነው» ትል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ማሪያ በዕቃዋ ላይ መፈረም ጀመረች፤ የተፈረመበትም ዋጋ ጨመረ። ዋጋው መጨመሩን ያዩ ጎረቤቶቿ «በእኛም ላይ ፈርሚልን» ሲሏት ፈረመችላቸው። የገበያ ሰው ይህን ማጭበርበር ሊለው ይችላል። እኔ ግን በአንድ እሳት ዕቃቸውን የሚተኩሱ ሴቶች ልጅ ስለሆንሁ በደንብ ይገባኛል። ስለዚህ «ስም ይጻፍ» ስል አንድ ጀግና ፈልጉ ማለቴ አይደለም። ዕቃውን አንዷ አቁማው፣ ሌላዋ አሽታው፣ ሦስተኛዋ ተኩሳው ከሆነ ሦስቱንም ጻፉ፤ ካርዱ ሰፊ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2022 መስከረም ጀምሮ በኒው ዮርክ የሜትሮፖሊታን ሙዚየም በደቡብ ካሮላይና፣ ኤጅፊልድ በተባለ አካባቢ በባርነት ተይዘው ሸክላ የሠሩ ጥቁር ሰዎችን ሥራ አሳይቶ ነበር። ከእነሱ መካከል ዴቭ፣ በኋላ ዴቪድ ድሬክ የተባለው ሰው ጋን የሚያህሉ ማስቀመጫዎችን ያቆም ነበር፤ ባሪያን ፊደል ማስተማር በግዛቲቱ ሕግ በተከለከለበት ዘመን፣ በእርጥቡ ጭቃ ላይ ስሙን፣ ቀኑን፣ አንዳንዴም የራሱን ግጥም ይጽፍ ነበር። አንድ ሰው የራሱ ባልሆነበት ዘመን ዕቃው የእሱ መሆኑን መጻፉ እያንዳንዳችንን ሊያስቆመን ይገባል። ከዴቭ ይልቅ ግን ለእናንተ የምጠቁመው በዚያው ዐውደ ርእይ ላይ የነበረውን አንድ ትንሽ የቃል ምርጫ ነው። ስማቸው ባልተገኘላቸው ሰዎች ሥራ ጎን የተጻፈው «ያልታወቀ» የሚል ሳይሆን «ስሙ ያልተመዘገበ ሸክላ ሠሪ» የሚል ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ቀላል አይደለም። «ያልታወቀ» ሲባል ጉድለቱ የሠሪው ይመስላል፤ «ያልተመዘገበ» ሲባል ግን መዝጋቢው ማን ነበር ብሎ አንባቢው ይጠይቃል።

በገዛ ቤታችን ከዚህ የሚቀርብ ታሪክ አለ። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ከእንስራና ከምጣድ ሌላ ትናንሽ የሰውና የእንስሳ ምስሎችን ከጭቃ ይሠሩ ነበር። መንገደኛውና አገር ጎብኚው ገዝቶ ይሄድ ስለነበር ሥራቸው በብዙ አገር ሰብሳቢ እጅ ገባ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ወደ እስራኤል ሲጓዙ ብዙ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪ እናቶችም እጃቸውን ይዘው ሄዱ፤ ምስሎቹ ግን ቀድመዋቸው በየዓለሙ ነበሩ። አብዛኞቹ እስከ ዛሬ የሚታወቁት በአንድ የወል ስም፣ ያውም ራሳቸው በማይጠሩበትና በማይወዱት ስም፣ «የፈላሻ ሸክላ» ተብለው ነው። ዛሬ በቤር ሸባ ወይም በነታንያ የምትኖር አያት በአንዱ ሙዚየም ሣጥን ውስጥ የራሷን ሥራ አግኝታ እንደ እናቴ ጎንበስ ብላ ቢሆን አይገርመኝም። የዚያን ትውልድ ስም ለመሰብሰብ ጊዜው እያለቀ ነው፤ በእስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች አያቶቻችሁን ዛሬውኑ ጠይቁልን።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። ዕቃ ስትገዙ ከሠሪዋ ግዙ፤ ከቸርቻሪ ከገዛችሁም ከማን እንዳመጣው ጠይቁት፤ ቸርቻሪ ማን ጥሩ እንደምትሠራ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ኑሮው እኮ ነው። በመዝገባችሁ ላይ የሠሪዋን ስም ከነአባቷ፣ መንደሯን፣ ከማን እንደ ተማረች፣ አፈሩ ከየት እንደ ተቆፈረና ዕቃው በየትኛው ወር እንደ ተተኮሰ ጻፉ። ክረምት የተተኮሰና በጋ የተተኮሰ ዕቃ አንድ አይደለም፤ በሐምሌ ኩበቱ ስለሚርስ እሳቱ ይሰንፋል፤ ይህን የሚያውቅ ጎብኚ የጀበናውን ዥንጉርጉር ገላ እንደ ጉድለት አያየውም። ዕቃው በሣጥን ውስጥ ሲቆም ከሥሩ ትንሽ መስታወት አኑሩለት፤ ምልክቱ ያለው ከታች ነውና ጎብኚው ሳይጎነበስ ያነብበዋል። ስሟ በእርግጥ የማይገኝ ከሆነም «ሠሪው ያልታወቀ» የሚለውን አንሡና «ስሟን ሳንጠይቅ የገዛነው» ብላችሁ ጻፉ። ያሳፍራል፤ እውነት ግን ነው። አንድ ካርድ ጻፊ ይህን ሁለት ጊዜ ከጻፈ በሦስተኛው መጠየቁ አይቀርም።

ፈቃዷም ይጠየቅ። ቀደም ብዬ ባነሣሁት ስድብ የተነሣ ስሟ በአደባባይ እንዲጠራ የማትፈልግ ሠሪ አለች፤ በተለይ የሚዳር ልጅ ያላት እናት። እምቢ ካለች «ስሟ እንዳይጠቀስ የፈለገች» ተብሎ ይጻፍ፤ ይህም ሰው መኖሩን ይናገራል። ለዚሁ ነው በዚህ ደብዳቤ የእናቴን ስም ያላነሣሁት፤ ስጠይቃት «ስሜ ከጀበናዬ ጎን ይሁን፤ ጋዜጣ ላይ ለክርክር አታውጣኝ» አለችኝ። የእኔ ስም ከተጻፈም የእሷ መታወቁ ስለማይቀር የራሴንም ትቼዋለሁ። ስም ጻፉ እያልሁ ያለ ስም መጻፌን አንባቢ እንደሚታዘበኝ አውቃለሁ፤ ተጠይቆ ዝም ማለትና ሳይጠየቁ ዝም መባል የተለያዩ መሆናቸውን ግን እሱም ያውቃል።

ሌላው ስለ መክፈቻ ቀን ነው። ሸክላ ሠሪ ትጋብዛላችሁ፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ በአዳራሹ ጥግ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ጭቃ እየመታች ፎቶ የምትነሣ ሆና ነው የምትገኘው፤ ሠዓሊው በዚያው ሰዓት ከእንግዶች ጋር ቆሞ ስለ ሥራው ይናገራል። ሠዓሊው በአዳራሹ መካከል ሸራ ወጥሮ ሥራ ሲባል አላየሁም። ጭቃውን ለማሳየት ፈቃዷ ከሆነ ታሳይ፤ ሲያበቃ እጇን ታጥባ ወንበር ይሰጣት፤ ድምፅ ማጉያውም ይድረሳት። እናቴ ስለ ገል አወቃቀጥ ግማሽ ሰዓት መናገር ትችላለች፤ ከዚያም ማስቆሙ ነው የሚያስቸግረው።

በዚህ ነገር ተስፋ የማደርገው ያለ ምክንያት አይደለም። በስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ዕቃዎቹን በዓይነት ከመደርደር ይልቅ ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ሕይወት ቅደም ተከተል ማደራጀቱ፣ ዕቃን ከሰው ጋር ማያያዝ በእኛም አገር እንደሚቻል ያሳያል። ዩኔስኮም የቱኒዚያዋን የሴጅናን ሴቶች የሸክላ ሙያ እ.ኤ.አ. በ2018 በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል፤ እነዚያም ሴቶች በእጃቸው የሚያቆሙና በሜዳ እሳት የሚተኩሱ ናቸው። የእኛ ሠሪዎች ሙያ አንድ ቀን ለዚያ ሲታጭ የሚጠየቀው መጀመሪያ «ባለሙያዎቹ እነማን ናቸው?» የሚለው ነው፤ ያኔ «ያልታወቁ» ብለን ልንልክ አንችልም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ላቀርብላችሁ። በመጋዘኖቻችሁ ውስጥ ከቀጨኔና ከአካባቢው የተሰበሰቡ፣ ካርዳቸው ባዶ የሆነ ዕቃዎች ካሉ፣ እናቴና ሁለት የዕድሜ እኩዮቿ መጥተው ምልክቶቹን ሊያነብቡላችሁ ፈቃደኞች ናቸው። የራሳቸውን ብቻ ሳይሆን ያለፉትንም ጎረቤቶቻቸውን እጅ ይለያሉ። ከሦስቱ አንደኛዋ ዓይኗ እየደከመ ነው፤ በጣቷ ዳብሳ ስለምትለይ ግን ዕቃውን እንድትነካው ጓንት ሳታለብሱ ፍቀዱላት። የአበል ጥያቄ የላቸውም፤ መመላለሻ ታክሲና ቡና ይበቃቸዋል፤ ቡናው በጀበና ቢሆን ይመርጣሉ። ሐሙስ ብቻ አይመቻቸውም፤ እሳት የሚያነድዱበት ቀን ነው። በሌላው ቀን በየትኛውም ሰዓት ላኩብን፤ እንመጣለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የሦስት ጭረቷ ጀበና ባለቤት ልጅ
ቀጨኔ፣ አዲስ አበባ